የቀጭን ሰው ስኳር

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ መጻፍ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። እስክሪብቶ የምይዘው ስፈርም ብቻ ነው፤ ፊርማዬም ቢሆን ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አንድ መስመር እስክጽፍ ድረስ ሁለት ኮሌታ ተሰፍቶ ያልቃል። ግን ይሄን ነገር በአፌ ልናገር ስል ወይ እንባዬ ይቀድመኛል፣ ወይ ሰው ያቋርጠኛል። ወረቀት አያቋርጥም ብዬ ነው የደፈርኩት። የተበላሸ ቦታ ካለ በደግ ዓይን እለፉልኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው አሥራ ስድስት የስፌት መኪና የተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ ነው። የሥራ ልብስ እንሰፋለን፤ የነርስ ነጭ፣ የአስተናጋጅ ሽርጥ፣ የተማሪ ሸሚዝ። እዚያ ማንም በስሜ አይጠራኝም፤ «መርፌ» ነው የምባለው። ስሙን ያወጣችልኝ ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ማለት ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዬ ናት፤ አፏ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የምንላት። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ከበሩ ላይ አየችኝና፣

«ይቺን ደግሞ ማን ክር ያስገባላታል?» አለች።

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። መርፌ ሆኜ ቀረሁ። አልተቀየምኩም። ከሲታ ከመባል መርፌ መባል ይሻላል፤ መርፌ ቢያንስ ሥራ አላት።

በእኛ ቤት አንድ አሠራር አለ። አዲስ ዓይነት ልብስ ከመቆረጡ በፊት አንድ አንድ ናሙና ይሰፋና ሰው ላይ ይለካል። ልኩ ሦስት ነው፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። የትልቁ ልክ አለቃችን ራሳቸው ናቸው፣ የመካከለኛው ሬዲዮ፣ የትንሹ እኔ። ደንበኛ ሲመጣ ናሙናውን ለብሰን መሃል አዳራሽ እንቆማለን። አለቃችን ስፒል በከንፈራቸው ይዘው «ዙሪ፣ እጅሽን አንሺ፣ አትተንፍሺ» ይሉናል። ሰባት ዓመት ሙሉ ትንሽ ቁጥር ማለት የእኔ ወገብ ማለት ነበር። ልኬት ባለበት ቀን ቁርስ አይበላም፤ ሆድ ይነፋል ይባላል። እውነቱን ልናገርና፣ ይሄን ሥራ እወደው ነበር። ቅጥነቴ የተመሰገነው እዚያ ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ ወይ ይሳቅብኛል፣ ወይ ይታዘንልኛል።

ቤት ደግሞ አማቴ አሉ። ከባለቤቴና ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፋት የሚባል አልፈጠረባቸውም። እኔን ያቃጠለኝ ደግነታቸው ነው። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው፣ ልጅ የለንም። አማቴ ምክንያቱን ያወቁት ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው።

«ዘር በአጥንት ላይ አይበቅልም ልጄ» አሉኝ። «ትንሽ ሥጋ ልበሺ፣ ቀሪውን ለእኔ ተዪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ማር በማንኪያ፣ ሻይ ከአምስት ማንኪያ ስኳር ጋር፣ ማታ ሙዝ ተቆራርጦ ስኳር ተነስንሶበት። አልፈልግም ብል ሳህኑን ይዘው እንደ ሕፃን ይለምኑኛል። «ለእኔ ብለሽ ይቺን ብቻ።» እኔም እበላለሁ። አልወፍርም። ሥጋ ወይ ፍንክች። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። በልቼ ሳልቆይ እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ይጫነኛል። ከበላሁ አንድ ሰዓት ከምናምን ሲሆነኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ጀርባዬን ያጥበኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ ስሰፋ መርፌው ጣቴን በስቶ በሌላ በኩል ወጣ።

ይሄኔ ሬዲዮ ትሮጣለች። «ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ደረቅ ናት እኮ፣ ከየት ታምጣ?» ትልና በብርጭቆ ሻይ ታመጣለች፤ ከሥሩ ስኳሩ ሳይሟሟ ተከምሮ። እጠጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ሰው እሆናለሁ። ከዚያ እንደገና ይጀምረኛል፣ እንደገና ሻይ ይመጣል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔም አምኜ ነበር፤ ቀጭን ስለሆንኩ ስኳር ያንሰኛል ብዬ።

የሚቀጥለውን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ካልጻፍኩት ነገሩ አይገባም። የወር አበባዬ በወሩ መጥቶ አያውቅም። አራት ወር ይጠፋል፣ አንዳንዴ አምስት። በጠፋ ቁጥር አማቴ ፊታቸው ይበራል፤ ሲመጣ ደግሞ እኔ የሰረቅኩ ይመስል ተደብቄ አጥባለሁ። አገጬ ላይ ጠጉር ይበቅላል። ባለቤቴ ከመንቃቱ በፊት በስፌት ክር እየነቀልኩ ነው የኖርኩት። የራሴ ጠጉር ደግሞ ማበጠሪያ ላይ ይቀራል። መብቀል ያለበት ይረግፋል፣ መርገፍ ያለበት ይበቅላል።

ሐኪም ቤት አልሄድኩም አይደለም። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ሐኪም ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምግብ ብዪ» አለኝ። እኔም እንደምንም ብዬ፣ «ስኳር ይሆን እንዴ ዶክተር?» አልኩት። ሳቀ።

«አንቺ? ስኳር እኮ የቦርጫሞች ነው።»

ለወጉ ያህል በባዶ ሆዴ ጣቴን ወግቶ አየው። ልክ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ቀጭን ነሽ፣ ዕድለኛ ነሽ፣ ሌላው ለመክሳት ይሮጣል» ብሎ አሰናበተኝ። ዕድለኛ። ይሄን ቃል እየደጋገምኩ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ስለ ስኳር የጠየቅኩት ያለ ነገር አልነበረም። አባዬ ቀጭን ነበር። እግዜር ይማረውና፣ ሱሪው በገመድ ታስሮ ነው የሚቆምለት። እየጠማው፣ እየደከመው ሲሄድ ሰዉ ሁሉ «እንዲህ ያለ ከሲታ ምን ስኳር ይይዘዋል፣ ጥጋብ አይደል እንዴ የሚያመጣው» ይል ነበር። ስኳር መሆኑ የታወቀው እግሩ ሲቆረጥ ነው። ከዚያ ዓመት አልቆየም። ይሄን ለአማቴ ነግሬያቸው አላውቅም። ዘሯ በሽተኛ ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ።

በመጨረሻ የሴቶች ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሴት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። በአልትራሳውንድ ሆዴን አየችና እንቁላል ማመንጫዬ ላይ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተደርድረው እንዳሉ፣ ሆርሞኔ እንደተዛባ፣ ብዙ ሴት ላይ እንዳለ ነገረችኝ። የበሽታው ስም ረጅም ስለሆነ አልያዝኩትም። ስወጣ አንድ የታተመ ወረቀት ሰጠችኝ፤ «እቤት ሆነሽ አንብቢው።»

እቤት ማን ያነብልኛል፤ ባለቤቴም ከእኔ አይሻልም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር «ክብደትዎን ይቀንሱ» የሚል መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከሀ ጀምሬ ደገምኩት። ይቀንሱ ነው የሚለው። ወረድ ብሎም ሌላ ቦታ ይቀንሱ አለ። አርባ አራት ኪሎ ነኝ። አማቴ ጨምሪ፣ ወረቀቱ ቀንሺ። ከየቱ ላይ ነው የምቀንሰው? እዚያው ኮሪደር ላይ ልቤ ቅጥል አለ። ከዚያ ደግሞ እፍረት ያዘኝ፤ ማንበብ ስለማልችል ነው ብዬ። ቢሆንም ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እኔ ንባብ ላይ ደካማ ነኝ። ይቺ ምንድን ነው የምትለው?»

ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ አነበበችው። ከዚያ እኔን አየች።

«በደንብ ነው ያነበብሽው» አለችኝ። «ይሄ ለአንቺ አይሆንም። ያለን ወረቀት አንድ ዓይነት ብቻ ነው።»

«ለቀጭን የለም?»

«የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላይ ነው የሰጠሁሽ። ቁጭ በይ።»

እንደ አዲስ ጠየቀችኝ። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መንቀጥቀጡ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ አባዬ። ሁሉንም ነገርኳት። ከጣፋጭ በኋላ ስኳሩን ለማስተናገድ ቆሽቴ ከልኩ በላይ እየለፋ ሊሆን እንደሚችል፣ ይሄም ከሆርሞኑ መዛባት ጋር እንደሚያያዝ፣ ቅጥነት ከዚህ እንደማያድን አስረዳችኝ። እኔ ስለ ቆሽት የማውቀው ሲያር ብቻ ነው። የሚለፋ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ።

«በባዶ ሆድሽ ያዩት ልክ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «እኔ ማየት የምፈልገው ጣፋጭ ከጠጣሽ በኋላ ነው። ጠዋት ሳትበዪ ትመጫለሽ፣ ደም ትሰጫለሽ፣ የስኳር ውሃ ትጠጫለሽ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትነሺ ትቀመጫለሽ፣ ከዚያ እንደገና ደም። ሌላ ነገር እንዳትቀምሺ።»

ቀጠሮው ሐሙስ ሆነ። ረቡዕ ማታ ከሥራ ስወጣ ለአለቃችን ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ።»

«ነገ? ነገ የሆቴሉ ሰውዬ የሚመጣበት ነው እኮ! ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትንሿን ማን ሊለብስልኝ ነው፣ እኔ?» አሉና ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ለልኬቱ ብቻ ድረሺልኝ። ከዚያ በኋላ አልጋ ይዘሽ ብትተኚ አልጠይቅሽም።»

እሺ አልኩ። የእኔ ችግር ይሄ ነው። እሺ የምትባለው ቃል ከሐሳቤ ቀድማ ትወጣለች።

ሐሙስ ጠዋት አማቴ ብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ባዶ ሆድሽን ከቤቴ አትወጪም።»

«እማዬ ተያት፣ ሐኪም ነው ያዘዛት» አለ ባለቤቴ። ቀለም ቀቢ ነው፤ ቃል የሚያወጣው እንደ ቀለሙ ቆጥቦ ነው።

«ሐኪሙ ነው እንዴ የልጅ ልጅ የሚያሳየኝ?»

በጎናቸው ሾልኬ ወጣሁ። ቅጥነት ለዚህም ይጠቅማል።

ደም የሚቀዳው ወጣት ነው፤ ጥሩ እጅ አለው፣ አላሳመመኝም። ቀጥሎ በትልቅ ብርጭቆ የስኳር ውሃ ሰጠኝ። የአማቴ ሻይ ከዚያ ጋር ሲተያይ ውሃ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩት።

«እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ በይ እህቴ። እስከ አራት ሰዓት ተኩል የትም እንዳትሄጂ።»

ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ከሩብ ሆነ። አዳራሻችን ከዚያ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ደርሼ ብመለስ ማን ያውቃል አልኩ። ከደሙ ውስጥ የእግር መንገድ አይታይ። ተነሳሁ።

ስደርስ የሆቴሉ ሰውዬ መጥቷል። የአስተናጋጅ ነጭ ኮት ነበር የሚለካው። ለበስኩ፣ ቆምኩ። ሰውዬው በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ «እዚህ ጋ ይጥበብ፣ እዚህ ጋ ይርዘም» ይላል። አለቃችን ስፒል ይሰካሉ። እኔን ጀምሮኛል። መጀመሪያ ጉልበቴ፣ ከዚያ እጄ። ላቤ በነጩ ኮት ብብት ላይ ወጣ።

«ኧረ ናሙናውን አበላሸሽው» አሉ አለቃችን በዝቅተኛ ድምፅ።

ከዚያ ወለሉ ወደ እኔ መጣ። ስነቃ ወንበር ላይ ነኝ፣ ሬዲዮ ብርጭቆውን አፌ ላይ ደግናለች።

«ጠጪ፣ ጠጪ የእኔ እናት፣ ስኳርሽ ወርዶ ነው።»

«አይሆንም» አልኩ። የሰማኝ የለም። አሥራ አምስት ሰው ከቦኝ በፍቅር ያየኛል፤ ብርጭቆው ከንፈሬ ላይ ነው። ጠጣሁ። በጥርሴ ብይዘው ይቀር ነበር፣ አልያዝኩትም። እስከ አሁን የሚቆጨኝ ያቺ ናት።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እያለከለክኩ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ልጁ መርፌውን አዘጋጅቶ መጣ። ክንዴን አሰረ። ዝም ብል ይቀዳ ነበር። ግን ለሦስተኛ ጊዜ ውሸት የሆነ ቁጥር ይዤ ልወጣ ነው አልኩ በልቤ፤ ይሄኛው ውሸት ደግሞ የራሴ ነው።

«ወጥቼ ነበር» አልኩት። «ሮጫለሁ። ሻይም ጠጥቻለሁ፤ ብዙ ስኳር ያለው።»

ማሰሪያውን ፈታው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ይሄ ደም አሁን ምንም አይነግረንም እህቴ። ነገ ነይ። ነገ ካልመጣሽ የሚቀጥለው ተራ ሁሉ ተይዟል፣ ከወር በላይ ትጠብቂያለሽ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ አለቃችን መኪናዬ አጠገብ መጡ። ልኬቱ ሳያልቅ ነው ሰውዬው የሄደው፤ ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል።

«ነገም እንደ ዛሬው ከወደቅሽብኝ አሻንጉሊት ነው የምገዛው» አሉኝ። «ሱቆቹ መስኮት ላይ እንዳሉት። አሻንጉሊት አያልባትም፣ አይርባትም፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የላትም።»

«መስፋትስ ትችላለች እትዬ?» አለች ሬዲዮ ከወዲያ ማዶ። ሰዉ ሳቀ። አለቃችንም ትንሽ ሳቁ፣ ግን ቃላቸውን አላነሱም።

ለሬዲዮ ዶክተሯ ያለችኝን ነገርኳት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ዝም ያለችው። ከዚያ ቁልፉን አስቀምጣ፣ «አራት ዓመት ሙሉ በማንኪያ እየገደልኩሽ ነበር በይኛ» አለች።

«እኔም አላውቅም ነበር።»

«እኔስ አላውቅም፣ ቁልፍ ተካይ ነኝ። እነዚያ ዶክተር የተባሉት ምነው?»

እኔንም የሚያበግነኝ እሱ ነው።

ማታ እራት ላይ አማቴ ሙዙን ይዘው መጡ። ስኳሩ ላዩ ላይ ያብለጨልጫል። ሳህኑን በእጄ ገፋ አደረግኩት። በአምስት ዓመት ውስጥ አድርጌው የማላውቀው ነገር ነው።

«አልበላም እማማ።»

«ምነው፣ ጠላሽኝ?»

«አባቴ እግሩ የተቆረጠው በስኳር ነው። እሱም እንደ እኔ ቀጭን ነበር። እርስዎ በሰጡኝ ቁጥር እታመማለሁ፣ እምቢ ስል ደግሞ ያዝናሉ። ሁለቱንም መቻል አቃተኝ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። አማቴ ሳህኑን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅሽኝ?»

«ልጅ አትወልድም ብለው እንዳይጠሉኝ ነዋ።»

ቁጭ አሉ። ሳህኑን ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ታዲያ እኔ ምን ልስጥሽ?» አሉኝ። ለመቆጣት አልነበረም፤ እውነት ግራ ገብቷቸው ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ከማዕዱ ተነሳን።

ስንተኛ ባለቤቴ፣ «ነገ አብሬሽ ልሂድ?» አለኝ።

«ሥራህስ?»

«ግድግዳ የትም አይሄድም።»

አይ አልኩት። ከጎኔ ሰው ካለ ደግሞ እሺ ማለት ይቀናኛል።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አዳራሹ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። አለቃችን የበሩን ቁልፍ እየከፈቱ ነው። ጀርባቸው ወደ እኔ እንደሆነ ተናገርኩ፤ ፊታቸውን ካየሁ እንደምተወው አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ዛሬ ልኬት ላይ አልቆምም። ምርመራዬን ጨርሼ፣ ምግቤን በልቼ ነው የምመጣው። ከዛሬ በኋላም ሳልበላ አልቆምም።»

ዞሩ። «አሻንጉሊቱን ልግዛ እንግዲህ?»

«ይግዙ» አልኳቸው።

ወደ ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ። የስኳር ውሃውን ጠጣሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰውዬው መጥቶ ትንሹን ቁጥር ማን እንደለበሰለት አሰብኩ። ግን አልተነሳሁም። እንቅልፉ መጣ፣ ላቡ መጣ፤ የወንበሩን ጠርዝ ይዤ አሳለፍኩት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ መጥቶ ሁለተኛውን ደም ቀዳኝ። ውጤቱን እስኪያወጣ ጠበቅኩ። በባዶ ሆድ ዘጠና አንድ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መቶ ሰባ ስምንት።

«የሁለተኛው ከልኩ በላይ ነው» አለኝ። «ለዶክተሯ አሳዪያት።»

ዶክተሯ አነበበችው። ስኳር በሽታ የሚባለው ደረጃ ላይ ገና እንዳልደረስኩ፣ መንገዱን ግን እንደጀመርኩት፣ አሁን ስለታወቀ ብዙ ማድረግ እንደሚቻል ነገረችኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም። ይሄን እስክሰማ ስንት ዓመት ዕድለኛ ሲሉኝ ኖርኩ። ከቤት ያመጣሁትን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ግቢው ውስጥ ቆሜ በላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ከዚያ ሥራ ገባሁ፤ ኮሌታ ያልተተከለላቸው ዘጠኝ ሸሚዞች መኪናዬ ላይ ይጠብቁኝ ነበር።